ንቧ የከፈለችው

እትዬ ዘምዘም መሞቷን የነገረችኝ ከቢስቲማ ሽንኩርት እያመጣች ኮምቦልቻ የምትቸረችር ሴት ናት። ሽንኩርቱን በፌስታል እየከተተች፣ "ያቺ የንብ ሴትዮሽ አረፈች አሉ፤ እዚያው የሰደዷት አገር" አለችኝ። ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። ከገበያው አጥር ውጭ ደርሼ ነው ሽንኩርቱን እዚያው ትቼው እንደወጣሁ ያወቅኩት።

የሰደዷት ወለጋ ነው። ደርግ ሲወድቅ እንደ እሷ ተገፍተው የሄዱ ብዙዎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ እሷ አልተመለሰችም። ምነው ብዬ በመንገደኛ ልኬባት ነበር። "ሲያሰኛቸው ሊልኩኝ፣ ሲወድቁ ደግሞ ልመለስላቸው? ቀፎ ሰቅያለሁ በያት" ብላ መለሰችልኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅኋትም።

ስለ እሷ ኮምቦልቻ ውስጥ የሚወራው አብዛኛው ትክክል ስላልሆነ ነው ይህን የምጽፈው። የመሥሪያ ቤታችንን ኃላፊ በጥፊ መታችው የሚል አለ። አልመታችውም። ጮኸችበት የሚልም አለ። እትዬ ዘምዘም ስትቆጣ ድምጿ ዝቅ ይላል እንጂ ጮኻ አታውቅም፤ የተቆጣች ቀን ምን እንዳለች ለመስማት ጠጋ ማለት ያስፈልግ ነበር። ንብ አይነድፋትም ነበር የሚሉትም ውሸት ነው። እንደማንኛችንም ይነድፋት ነበር፤ ከንፈሯ አብጦ ስብሰባ ገብታ የተናገረችበትን ቀን አስታውሳለሁ።

የተገናኘነው ኮምቦልቻ፣ ከእርሻ ጋር ግንኙነት ባለው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። እኔ መዝገብ ቤት ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያም በማታ ትምህርት እየተንጠላጠልኩ ደርሼ ተቀጠርኩ። ጽሑፌ ስለሚነበብ፣ ሥራ ሲበዛባት እትዬ ዘምዘም ትዋሰኝ ነበር። "ይቺን ልጅ ስጡኝ፤ የጻፈችውን ጠላቴ እንኳ ያነበዋል" ትላለች።

እሷ የደሴ ልጅ ናት፤ የሆጤ ሰፈር። ረዥም፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ስትራመድ መሬቱ የእሷ የሆነ የሚመስላት ሴት። የተቀጠረችው በቤት ኢኮኖሚ ባለሙያነት ነበር፤ ለገጠር ሴቶች የምድጃ አሠራርና የሕፃናት ምግብ አዘገጃጀት እንድታስተምር። የንብ ባለሙያው ወደ ሌላ አገር ሲዛወር ግን ቦታውን የሚፈልግ ወንድ ጠፋ። እትዬ ዘምዘም እጇን አወጣች። ንብ አትፈሪም ወይ ሲሏት፣ "እፈራለሁ፤ ግን ከእናንተ ስብሰባ ይሻለኛል" አለች። ሁሉም ሳቀ፤ ያልሳቀው ኃላፊያችን ብቻ ነበር።

አንድ ልማድ ነበራት። የማታምነውን ነገር ሰው ሲነግራት ሻሿን በአንድ ጣቷ ከጆሮዋ ላይ ገለጥ ታደርጋለች፣ ደግማ ለመስማት የፈለገች ይመስል። ይህን ያደረገች እንደሆነ ተናጋሪው ቢያውቅበት ዝም ማለት ነበር የሚሻለው። ነፃ ነው፣ ርካሽ ነው፣ በስጦታ የመጣ ነው የሚባል ነገር ሲቀርብላት ደግሞ ጥያቄዋ አንድ ነው፤ "ማን ከፈለው?"

እናቷን እማማ ከዲጃን ሆጤ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ግቢ ትጦር ነበር። ሌላ ልጅ የላቸውም፤ ዐይናቸውም እየደከመ ነበር። ሳምንቱን ኮምቦልቻ ትሠራና ቅዳሜ ቅዳሜ አቀበቱን በአውቶቡስ ወጥታ ደሴ ትገባለች። ስለ ራሷ የማትፈራ ሰው ስለ እናቷ እንደምትፈራ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበር። ኃላፊውም ያውቅ ነበር።

የሰባ ሰባቱ ድርቅ ንቡንም ጠርጎት ነበር። ዝናቡ ሲመለስ በቢስቲማ ዙሪያ ያለው የወረባቦ ገበሬ ከየገደሉ የንብ መንጋ እየያዘ ቀፎውን እንደገና ሞላ። ሁለት ዓመት ያህል ደህና ሆነ። ቀጥሎ ቅማሉ መጣ። የንብ ቅማል ቀይ ናት፤ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም አትበልጥም፤ ንቧ ጀርባ ላይ ተፈናጥጣ ምግቧን ከአፏ ትሻማለች። በተለይ ገበሬው አውራ የሚላት፣ እኛ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ንግሥት የምንላት ላይ ስትበዛ መንጋው ይዳከማል።

በዚያው ሰሞን መጋዘናችን ውስጥ ለጎተራ ነቀዝ መግደያ የመጣ ነጭ ዱቄት በበርሜል ተከማችቶ ነበር። ለምን አልታደለም የሚል ጥያቄ ከላይ መምጣት ጀመረ። ኃላፊያችን ከላይ ሲደወልለት ከወንበሩ ተነሥቶ ቆሞ የሚያናግር ሰው ነበር። ክፋት አይደለም፤ ጉልበቱ ራሱ ነው የሚነሣው። አንድ ቀን እንዲያ ቆሞ ሲያናግር፣ ዱቄቱ በንብ ቅማል ላይ እንደሚውል ቃል ገባ። ለሥርዓቱ ያህልም እትዬ ዘምዘም ዱቄቱንና ገበሬው ቅማል የሚያጥንበትን ትምባሆ በወጪ አወዳድራ የትኛው ርካሽ እንደሆነ ፈርማ እንድታቀርብ ታዘዘች።

እኔ ፋይል ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበር። "ዱቄቱ ነፃ ነው፣ ትምባሆው ይገዛል። ውጤቱ ከወዲሁ ይታወቃል" አላት።

ሻሿን ገለጥ አደረገች። "ነፃውን ማን ከፈለው?"

"መንግሥት።"

"ንቧስ?"

"ንብ ደግሞ ምን ትከፍላለች?"

"እሱን ነው ሄጄ የማየው" አለችና ወጣች።

ትምባሆው የድሮ መላ ነው። ደረቅ ቅጠሉ በማጨሻው ውስጥ ተቀጣጥሎ ጥቂት ጭስ ወደ ቀፎው ሲነፋ ቅማሉ ሰክሮ ይወድቃል፣ ንቧ ትተርፋለች። እትዬ ዘምዘም ትምባሆ ፍለጋ ገበያ ወጣች። ከዚያ የሆነውን እማማ ከዲጃ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ወሬው እሷን ቀድሞ ደሴ ገባ፤ የከዲጃ ልጅ ትምባሆ ጀመረች ተባለ። አንድ የሰፈር ሽማግሌ ሊመክሩ ቤታቸው መጡ። ለንብ ነው ሲሏቸው ሽማግሌው አሰብ አደረጉና፣ ንብም ብትሆን የምታድረው እስላም ቤት ነው፣ ትምባሆ አይገባትም አሉ። እማማ ከዲጃ፣ "እንግዲያው እርስዎ ይሂዱና ቅማሏን ይልቀሙላት" አሏቸው። ሽማግሌው ስቀው ዱዓ አድርገው ሄዱ።

ሥራው የተሠራው ከቢስቲማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ገበሬ ማኅበር ነው። እትዬ ዘምዘም ቀፎዎቹን ሦስት ቦታ ከፈለቻቸው። በአንዱ ወገን ዱቄቱ ይነፋል። በሌላው ትምባሆው ይታጠናል። ሦስተኞቹን ጽዳት ብቻ አደረገችላቸው፦ ያረጀውን ሰፈፍ ጠረገች፣ ስንጥቁን በእበት መረገች፣ አበባ እስኪወጣ ድረስ እንዳይራቡ በሶና ትንሽ ሽሮ አኖረችላቸው። ከዚያ በየቀፎው ወለል ላይ ነጭ አቡጀዲ አነጠፈች። ጠዋት ጠዋት ጨርቁን በቀስታ ስባ አውጥታ ፀሐይ ላይ ትዘረጋዋለች፤ ምን እንደወደቀ እናያለን፤ እኔ እጽፋለሁ።

ከዱቄቱ ቀፎ በወጣው ጨርቅ ላይ ቅማል ነበር። ከቅማሉ ይበልጥ ግን ንብ ነበር። ምላሳቸውን አውጥተው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው። ከጽዳቱ ቀፎ በወጣው ላይ የወደቀው ቅማል ጥቂት ነበር፤ ንቡ ግን እየበረታ ሄደ፤ የበረታው መንጋ ደግሞ ቅማሉን ችሎ ማር መሥራት ጀመረ።

ስለ ትምባሆው እውነቱን መናገር አለብኝ፤ እሷም ተናግራዋለችና። የማኅበሩ ሽማግሌ አባ ይመር ከሰጡን ቀፎዎች አንዱን ስታጥን ዳመና ዞረብን። ቸኮለች፤ ጭሱን አበዛችው። በማግስቱ ጨርቁን ስትስበው ከበደ። አንድ መንጋ ሙሉ አልቆ ነበር። እትዬ ዘምዘም ጨርቁን አጣጥፋ በሁለት እጇ ይዛ አባ ይመር ደጃፍ ሄደች።

"አባ ይመር፣ ንብዎን የፈጀሁት እኔ ነኝ። አፉ ይበሉኝ" አለቻቸው።

ሽማግሌው ጨርቁን ገልጠው አይተው መልሰው ሸፈኑት። "አፉ ብያለሁ። ብቻ ለሌላውም ንገሪ፣ እንዳይደግሙት።"

ውጤቱን ስንጽፍ እኔ ይህን ወደ መጨረሻው ላድርገው ብዬ ነበር። "ከሱ ጀምሪ" አለችኝ።

ለኃላፊው የነገረችው እንዲህ ነው። ዱቄቱ ንቡን ከነቅማሉ ይፈጃል፤ የሞተው ንብ ሊሠራው የነበረ ማር ሲታሰብ ከሁሉ ውዱ እሱ ነው። ትምባሆው ይሠራል፤ እጁ ያልሰለጠነ ሰው ከያዘው ግን ይገድላል፣ እኔም ገድያለሁ። ርካሹ ቀፎውን ጠርጎ፣ አብልቶ ንቡን መተው ነው።

"ምንም አለማድረግ ዕቅድ ውስጥ አይገባም" አላት።

"ምንም አለማድረግ አይደለም፤ መጥረግ ነው። ሴት ቤት ስትጠርግም ምንም አልሠራችም ስለምትሉ ነው ያልገባችሁ።"

ኃላፊው አልተቆጣም። ወንበሩን ወደ እሷ አስጠግቶ ለዘመድ እንደሚናገር ሆኖ ተናገራት። ወለጋ ካለው የሰፈራ ጣቢያ የቤት ኢኮኖሚ ባለሙያ ላኩ ተብለናል አላት። እሷን መላክ እንደማይፈልግ፣ ዱቄቱ ርካሽ ነው ብላ ከፈረመች ግን ለላይኞቹ እዚህ ታስፈልገናለች ማለት እንደሚችል ነገራት። ቀጥሎ፣ "እናትሽ ዐይናቸው ደክሟል አሉ። ማን ይይዝልሻል?" አለ።

እትዬ ዘምዘም ሻሿን አልነካችም። ዛቻውን እንዳመነችው ከዚያ ገባኝ። "እስቲ መጀመሪያ ማሩ ይቆረጥና እናያለን" ብላ ተነሣች።

አደይ ረግፎ ማር ሲደርስ ኃላፊው እንግዶች አስከትሎ በላንድሮቨር ወረባቦ መጣ። ከአበባው በኋላም ጭምር ዱቄት እንዲነፋበት ያዘዘው አንድ ቀፎ ነበር፤ መንጋው ሌሎቹ ሲያልቁ ተርፎ ጥቂት ማር ሠርቷል። በሕዝብ ፊት የሚከፈተው እሱ እንዲሆን ወሰነ። ገበሬው ዋርካ ሥር ተሰብስቧል።

በዚያ አገር ማር የሚቆርጥ ሰው የመጀመሪያውን ቁራሽ ራሱ ይቀምሳል፤ ሁለተኛውን በገዛ እጁ እንግዳውን ያጎርሳል። ከዚያ በኋላ ነው ለሌላው የሚታደለው። የቆረጠው ሰው ካልቀመሰ ማንም አይነካውም፤ ያልቀመሰበትንም ምክንያት ቆሞ መናገር ግዴታው ነው። እንግዳም የጎረሰውን አይመልስም።

እትዬ ዘምዘም ለኃላፊው ይህ ቀፎ ለመብል እንዳይቆረጥ በጆሮው ነገረችው። እሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ይቆረጥ" አለ። አባ ይመር ቢስሚላህ ብለው እጃቸውን አስገቡ። አንድ የማር እንጀራ በቢላዋ ለይተው አወጡ። ከጫፉ ቆርሰው ወደ አፋቸው ሲያነሡ እትዬ ዘምዘም የእጃቸውን አንጓ ያዘች።

ዘመዷ ያልሆኑ ሽማግሌ፤ በአደባባይ፤ በባዶ እጇ። ሕዝቡ ሁሉ አየ። ማርና ዱቄት የነካ እጃቸው በእሷ እጅ ውስጥ አየር ላይ ቆመ።

"አይቅመሱት፣ አባ ይመር። መርዝ ነው" አለች። ድምጿ ዝቅ ስላለ የኋለኞቹ ምን አለች እየተባባሉ ተጠጉ።

ኃላፊው ፈገግ ለማለት ሞከረ። "ጓድ ዘምዘም ትንሽ ትጠነቀቃለች። ሰው አይጎዳም ተብሏል።"

"እንግዲያው እንግዳው እርስዎ ነዎት። እሳቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ዛሬ እርስዎ ይቅደሙላቸው።"

"እኔ እንኳ ስኳር አለብኝ" አለ።

አባ ይመር አንጓቸውን ከእጇ በቀስታ አላቀቁ። ተንኮል በሌለው ድምፅ፣ "አላህ ያሽርዎ። ካመጧቸው እንግዶችስ ስኳር የሌለበት የለም?" ብለው ጠየቁ።

እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ሰዓቱን አየ። እጁን የዘረጋ አልነበረም። ሽማግሌው ጥቂት ጠበቁ፤ ለእንግዳ የሚገባውን ያህል ጠበቁ። ከዚያ ተንበርክከው በማር መቁረጫው ቢላዋ መሬቱን ቆፈሩ፤ የማር እንጀራውን ቀበሩት፤ አፈር መለሱበት። እጃቸውን ታጠቡና ቆሙ።

"አልቀመስኩም። ምክንያቱን ሰምታችኋል" አሉ ለሕዝቡ።

ከዚያ በኋላ እትዬ ዘምዘም የሦስቱን ወገን ቀፎዎች ውጤት ለገበሬው ተናገረች፤ በገደለችው መንጋ ጀምራ። ኃላፊው አላስቆማትም። እኔ እስከማውቀው ድረስ ከዚያ ወዲያ በዚያ ማኅበር ያ ዱቄት የተነፋበት ቀፎ የለም።

የዝውውሩ ወሬ ሳምንት ሳይሞላ መጣ። ኃላፊው ግን የበርሜሉ ጉዳይ ገና ከላይ እየተጠየቀ ስለነበር አንድ ዕድል ተወላት። ዱቄቱ ከሁሉም ርካሽ ሆኖ ተገኝቷል የሚል አንድ ገጽ አስጻፈና በእኔ እጅ ሆጤ ላከው። ከፈረመች ዝውውሩ ይቀራል፤ ካልፈረመች መኪናው ማክሰኞ ከደሴ ይነሣል።

ስደርስ እማማ ከዲጃ መደብ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ዐይናቸው ሳይሆን ጣታቸው ነው የሚያየው። እትዬ ዘምዘም ወረቀቱን አንብባ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። እንደ ሌላው ጊዜ መልስ ይወርድላታል ብዬ ስጠብቅ ዝም አለች።  አንገቷን ደፍታ ወለሉን ታያለች።

"ምን ይላል? አንቺ አንብቢልኝ" አሉኝ እማማ ከዲጃ።

አነበብኩላቸው። ቃል አልዘለልኩም። ከአፍ የተላከውንም ጨመርኩ።

"ወለጋ ሩቅ ነው?"

"ሩቅ ነው፣ እማማ።"

"ዝናብ አለው?"

"ብዙ አለው ይላሉ።"

ምስሩን ጥቂት ለቀሙ። አንዲት ጠጠር አግኝተው ወረወሯት። "ዘምዘም፣ ስለ እኔ ብለሽ ነው ዝም ያልሽው?"

እትዬ ዘምዘም ወረቀቱን አጠፈችው።

"እኔን እንደ ፍየል ችካል ላይ አስረው አንቺን ሊስቡሽ ነው?" አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ መጠየቃቸው ነበር። "እኔ ምን ብዬ ነው እዚህ የምታሰረው?"

"እማ፣ አገሩ ወባ ነው። ዐይንሽ..."

"ዐይኔ እዚህስ ምን ያይልኛል?" ሰፌዱን አስቀመጡ። "በይ ወረቀታቸውን መልሽላቸው፤ ሻይ አፍይልን።"

እትዬ ዘምዘም ወረቀቱን ሳትፈርም ሰጠችኝ። ሻዩን አፍልታ አቀረበችልን። እናቷን ይዛ እንደማትሄድ፣ ለጎረቤት አደራ ብላ ብቻዋን ሄዳ እንደምትመለስ፣ በር ላይ ስትሸኘኝ በሹክሹክታ ነገረችኝ። እማማ ከዲጃ ከውስጥ ይሰሙ እንደነበር ያን ጊዜ አላወቅንም።

ማክሰኞ ልሸኛት ደሴ ወጣሁ። የተዛወሩ ሠራተኞችንና ዕቃ የሚጭነው ኤንትሬ የጭነት መኪና እዚያ ባለው የመንግሥት ግቢ ውስጥ ቆሟል። ኃላፊው ያን ወረቀት በክላሰር ይዞ ቀድሞኛል። እርግጠኛ ነበር። እናት ትታ ልትሄድ እግሯን መኪናው ላይ ስታደርግ ልቧ ይሰበራል ብሎ ይጠብቅ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቼ ነበር።

እትዬ ዘምዘም አንዲት ሻንጣ ይዛ ዘግይታ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። ኃላፊው ክላሰሩን ከፍቶ ብዕሩን አቀረበላት። እሷ ግን ከእሱ አልፋ፣ "እናቴን ያየ አለ? ከቤት የለችም፤ ጎረቤቱን ሁሉ አዳረስኩ" ብላ ጠየቀች።

ሹፌሩ ራሱን አከከ። "ጋቢና ውስጥ አንዲት እናት አሉ። ከሱብሂ ሶላት ጀምሮ ተቀምጠዋል። ውረዱ ብላቸው እምቢ አሉ።"

በሩን ከፈተው። እማማ ከዲጃ ነጭ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ የምስር ሰፌዳቸውንና አንድ ጥቅል ልብስ ጭናቸው ላይ አድርገው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል።

"እማማ፣ እርስዎ ደግሞ የት ሊሄዱ ነው?" አለ ኃላፊው።

ወደ ድምፁ ዞሩ። "ልጄ የተሾመችበት" አሉት።

እትዬ ዘምዘም ሻንጣዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። መጀመሪያ ያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀች ነው። ሳቋ እየበረታ ሄዶ የግቢው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ከዚያ ሻንጣዋን አንሥታ ከእናቷ ጎን ገባችና በሩን ዘጋችው። ኃላፊው ብዕሩን እንደከፈተ መስኮቱ ሥር ቆሟል።

እማማ ከዲጃ በእጃቸው ዳሰው የሹፌሩን ክንድ አገኙ።

"በል ልጄ፣ የሚፈርም ሰው የለም፤ ንዳው" አሉት።